ሙያ በልብ፣ ቁጥር በደብተር

ተነጋጋሪዎቹ አክስትና የእህት ልጅ ናቸው። እሳቸው ልጆቻቸውን አዲስ አበባ ውስጥ ጠላ ጠምቀው በመሸጥ ያሳደጉ ናቸው፤ ዛሬ የሚጠምቁት ለማኅበርና ለዓመት በዓል ብቻ ነው። እሱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ብቻውን ይኖራል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ጠላም ቢራም ቤቱ ውስጥ መጥመቅ ጀምሯል፤ ቢሮም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ታክሲ ውስጥም ወሬው ይኸው ሆኗል።

አክስት፦ እኔ የምለው፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያለው በርሜል ምንድን ነው? ገላህን የት ነው የምትታጠበው?

ልጁ፦ ብቅል የሚዘፈዘፍበት ነው፣ እቴቴ። ዛሬ ማታ አጠንፍፌ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ። ገላዬን በጆግ ነው የምታጠበው።

አክስት፦ መኝታ ቤት ያለውስ? ብርድ ልብስ የለበሰው?

ልጁ፦ እሱ ቢራው ነው። ሌሊት ሌሊት ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ሲበርደው እርሾው ይተኛብኛል።

አክስት፦ አንተስ ምን ለብሰህ ነው የምትተኛው? ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው አሉ። በምን ጀምረህ እዚህ ደረስክ?

ልጁ፦ በአንድ ጄሪካንና በትንሽ ጌሾ ነበር። ከዚያ ቴርሞሜትር አስፈለገ። ቴርሞሜትሩ ሲገዛ የብቅሉ አፈጫጨት አላማረኝም፤ ወፍጮ ቤት ስወስደው ዱቄት አድርገው ይመልሱልኛል፣ ለቢራ ግን ቅርፊቱ ሳይደቅ መቅረት አለበት፤ ማጥለያው እሱ ነው። ስለዚህ የእጅ ወፍጮ ገዛሁ። ወፍጮው ሲመጣ ሚዛን አማረኝ፤ ሚዛኑ ሲመጣ የሚመዘገብበት ደብተር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሃይድሮሜትር ላከችልኝ።

አክስት፦ ሚስትስ? ሚስት አላማረችህም?

ልጁ፦ የት ላስቀምጣት፣ እቴቴ? ቦታው ሞልቷል።

አክስት፦ አፍህ አይሰንፍም። እጅህስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተላላጠው?

ልጁ፦ በረኪና ነው። ዕቃውን ሁሉ በበረኪና አጥቤ በፈላ ውሃ ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ። ከመጥመቁ ይልቅ ማጠቡ ነው ሥራው። የማይፈለግ ባክቴሪያ ከገባ ሁሉም ሆምጣጤ ሆኖ ይቀራል።

አክስት፦ ጋኑንም በበረኪና?

ልጁ፦ ጋኑንማ አልደፈርኩም።

አክስት፦ ተመስገን! ጋን በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በወይራ ይታጠናል። ሌላ ነገር አይፈልግም። ሸክላ ጠጪ ነው፤ በረኪና ካጠጣኸው በረኪና ይመልስልሃል።

ልጁ፦ ሳይንሱም ያንቺን ነው የሚለው። ሸክላው በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል፤ እርሾው እዚያ ተደብቆ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆያል። ጢሱ ደግሞ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ የሚያበላሸውን ተሕዋስ ያዳክመዋል። ለመሆኑ አንቺ እርሾ ገዝተሽ ጠላ ውስጥ ጨምረሽ ታውቂያለሽ?

አክስት፦ የምን እርሾ? ጥንስስ እያለልኝ?

ልጁ፦ እሱን ነው የምልሽ። የተወቀጠውን ጌሾ በውሃ በጥብጠሽ ስታስቀምጪው፣ ከጌሾው ከራሱ፣ ከብቅሉም፣ ከጋኑ ግድግዳም እርሾው ይነቃል። የጌሾው ምሬትም ክፉውን ባክቴሪያ ያስታግሳል፤ ፈረንጆቹ ቢራ ላይ ሆፕስ የሚባለውን ተክል የሚጨምሩት ለዚሁ ነው። ባቫሪያ ውስጥ በ1516 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣ የቢራ ሕግ አለ፤ ገብስ፣ ሆፕስና ውሃ ካልሆነ ሌላ አይግባ ይላል። እርሾን አይጠቅስም።

አክስት፦ ታዲያ በምን ይፈላላቸው ነበር?

ልጁ፦ እንዳንቺው ነዋ። ይሠሩበታል እንጂ ምን እንደሆነ አያውቁም። መፍላት የሕያው እርሾ ሥራ መሆኑን ሳይንቲስቱ ፓስተር ያሳየው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1883 ደግሞ ኮፐንሃገን፣ ካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን አንዱን የእርሾ ዘር ከሌላው ለይቶ ለብቻው አራባው። ፋብሪካው ይህን ለተፎካካሪዎቹ ሳይቀር አካፈለ። ሐኪም ቤት፣ ውሃ ልማት፣ ሳሙና ፋብሪካ የሚሠሩበት የአሲድ መለኪያ፣ ፒኤች የሚባለው፣ እሱም የወጣው ከዚያው ላቦራቶሪ ነው፤ በ1909።

አክስት፦ ይህን ሁሉ መቼ አነበብከው?

ልጁ፦ ሌሊት።

አክስት፦ ዓይንህ ያስታውቃል። በል እንኩሮህን አምጣና ልየው።

ልጁ፦ ይኸው። ታች ኮሙናሉ ውስጥ ነው የቆላሁት፤ እዚህ ስቆላ ጎረቤቶች ቤት ተቃጠለ ብለው በር ደበደቡ።

አክስት፦ ኧረ ይሄ አሯል! ና፣ ወደ መስኮቱ ይዘኸው ና። ይህቺን እንክብል ስበራት፣ ውጪዋ ጥቁር ነው፤ ውስጧስ?

ልጁ፦ ነጭ ነው።

አክስት፦ ጥሬ ነው በል። ውጪውም ውስጡም አንድ ዓይነት ቡናማ መሆን ነበረበት። እሳቱ በዝቷል፣ ማማሰሉ አንሷል። ማማሰያውን አስቀምጠህ ምን ስትሠራ ነበር?

ልጁ፦ የምጣዱን ሙቀት እየጻፍኩ።

አክስት፦ አላልኩም! ዱቄቱን ውሃ አርከፍክፈህ ታሸዋለህ፤ በጣም ካራስከው ሊጥ ይሆናል፣ ካነሰው ብናኙ ያርርብሃል። ምጣዱ ላይ ከወጣ በኋላ እጅ አያርፍም። የጥሬ ዱቄት ሽታው ጠፍቶ የቆሎ ሽታ ሲመጣ እሳቱን ትቀንሳለህ። ሲበቃው አውርደህ ሰፌድ ላይ ታሰጣዋለህ። ወደ ጥንስሱ የሚገባው ሲቀዘቅዝ ነው።

ልጁ፦ ለምን ሲቀዘቅዝ?

አክስት፦ በትኩሱ ከገባ ጠላው አይነሳማ።

ልጁ፦ ለምን እንደማይነሳ ልንገርሽ። ጥንስሱ ውስጥ ያለው እርሾ ከ50 ዲግሪ በላይ አይችልም፤ ይሞታል። ብቅሉም ውስጥ ስታርቹን ስኳር የሚያደርግ ኢንዛይም አለ፤ እሱ ትንሽ ይታገሣል እንጂ ከ75 ዲግሪ ካለፈ ይበላሻል። እንኩሮውና ቂጣው እንዲህ ተጠብሰው ብቅሉ ግን ፀሐይ ላይ ብቻ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

አክስት፦ እኔ ምክንያቱን ሳላውቅ ዕድሜዬን ሙሉ አቀዝቅዣለሁ። አንተ ምክንያቱን አውቀህ አሳርረሃል።

ልጁ፦ ይሁን። ይሄን ሃይድሮሜትር ግን እዪልኝ። ከላይ ቀጭን ከታች ወፍራም የሆነ መስታወት ነው፤ ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋል። ንጹሕ ውሃ ላይ 1.000 ያነባል። ስኳር ሲኖር ፈሳሹ ይከብድና መስታወቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ 1.050 ይላል እንበል። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮል ሲያደርገው ፈሳሹ ይቀላል፤ መስታወቱ ሰጥሞ 1.010 ይላል። ልዩነቱን በ131.25 ስታባዢው 5.25 በመቶ አልኮል ማለት ነው።

አክስት፦ ደግ። ጠላውስ ላይ ምን አለ?

ልጁ፦ ጠላው ላይ አይሠራም።

አክስት፦ ለምን?

ልጁ፦ ቢራ ሲጠመቅ ሁለቱ ሥራዎች ለየብቻ ናቸው። መጀመሪያ ብቅሉ ከ62 እስከ 70 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ስታርቹ ስኳር ሆኖ ያልቃል። ይጠለላል፣ ከሆፕሱ ጋር ይንተከተካል፤ እዚህ አዲስ አበባ ከፍታው ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ትንሽ አስረዝመዋለሁ። ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ እርሾው የሚገባው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ መነሻው ላይ ስንት ስኳር እንዳለ አውቃለሁ። ጠላ ላይ ግን ብቅሉ ስኳሩን እያወጣ፣ እርሾው እዚያው በዚያው እየበላው ነው። መነሻ ብዬ የምለካው ነገር የለም። ድፍድፉም ወፍራም ነው፤ መስታወቱን ቀርቅሮ ይይዘዋል። ጠላ ከ2 እስከ 4፣ ፊልተር የሚባለው ጠላ እስከ 6 በመቶ ይሆናል የሚባለው በላቦራቶሪ ተለክቶ ነው።

አክስት፦ እኔ ጆሮዬን ጋኑ ላይ አደርጋለሁ። ሲንፈቀፈቅ ገና ነው እለዋለሁ። ዝግ ሲል ውሃውን ጨምሬ አፉን እመርገዋለሁ። ስንት በመቶ እንደሆነ ጠጪው ከመቀመጫው ሲነሳ ያውቀዋል።

ልጁ፦ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ቢራው ለቁጥር ይገዛል። ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲይዝ ስኳር ጨምሬ ስከድነው እንኳ መላ አለው፤ ፍላቱ ሳያልቅ የታሸገ ጠርሙስ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ከመስታወት ጠርሙሶቹ ጋር አንድ የፕላስቲክ ሃይላንድ ሞልቼ አስቀምጣለሁ። እሱን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ሌሎቹም ደርሰዋል ማለት ነው። ጠላው ግን በየት በኩል ልያዘው? ቢራ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በቃኝ ብዬ ነበር።

አክስት፦ ደብተሩስ ምን ይልሃል?

ልጁ፦ ጌሾው ስንት ግራም እንደሆነ፣ ከየትኛው ገበያ እንደተገዛ፣ የውሃው ሙቀት፣ የቤቱ ሙቀት፣ የቀመሰው ሰው ምን እንዳለ። ዋናው ደንብ አንድ ነገር ስቀይር ሌላውን አለመንካት ነው። ሁለት ነገር ከቀየርኩ ጣዕሙን የቱ እንዳመጣው አላውቅም። ደብሊን፣ ጊነስ ቢራ ፋብሪካ፣ ዊልያም ጎሴት የሚባል ሰው ነበር። ገብስና ብቅል ሲፈትሽ ያለው ናሙና ጥቂት ነው፤ አንድ ነገር ለማረጋገጥ ሺህ ጊዜ አይጠመቅማ። ከጥቂት ሙከራ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንደሚቻል ሒሳቡን ሠራ። በ1908 ሲያሳትመው ግን ስሙን ደብቆ «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነው። ዛሬ የመድኃኒትም የእህልም ተመራማሪ በእሱ ሒሳብ ይጠቀማል።

አክስት፦ ስሙን ለምን ደበቀ?

ልጁ፦ ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበር፤ ምሥጢር እንዳይወጣበት።

አክስት፦ ፈረንጁም ሙያ በልብ ነው ይላላ! እኔም ከጎኔ ለሚሸጡት ልኬን ተናግሬ አላውቅም። ያ እርሾውን ያካፈለው ፋብሪካ ግን ሞኝ ነው ወይስ ደግ ነው?

ልጁ፦ ሁለቱም አልከሰሩም።

አክስት፦ እንግዲያው ልጠይቅህ። አንዱን ስትቀይር ሌላውን አልነካም አልከኝ። አንተ ባትነካው እሱ ራሱ አይለወጥም? የዛሬ ወር የገዛኸው ጌሾና የዛሬው አንድ ነው? ብቅሉ በዝናብ የደረቀና በፀሐይ የደረቀ እኩል ነው? እኔ ጌሾው ካረጀ እጨምራለሁ፣ ብርድ ከሆነ ቀን እሰጠዋለሁ፣ ብቅሉ ከደከመ እንኩሮውን እቀንሳለሁ። ሁሉንም እየቀያየርኩ ነው ጠላዬ አንድ ዓይነት የሚወጣው። አንተ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርገህ ስትጠምቅ ጠላህ የየራሱ ይሆናል።

ልጁ፦ ደብተሬ ላይ የሚታየው እሱ ነው። እኩል ልክ፣ የማይገናኝ ጣዕም። ታዲያ የምትቀያይሪውን ንገሪኝና ልጻፈው።

አክስት፦ ስጠምቅ ና። ቁጭ ብዬ ስጠየቅ አይመጣልኝም።

ልጁ፦ እመጣለሁ።

አክስት፦ አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ፤ አትቀየመኝ። እኔ ስጠምቅ ሰው ቤቴን «ጠላ ቤት» ብሎ ልጆቹን እንዳይገቡ ይከለክል ነበር። የራሴ ልጆች ትምህርት ቤት የእናታችሁ ሥራ ሲባሉ የቤት እመቤት ናት ነበር የሚሉት። ያንን ድስት፣ ያንን ጢስ፣ ያንን ዝፍዝፍ ዛሬ አንተ ስትይዘው ጓደኞችህ መጥተው ፎቶ ያነሱሃል።

ልጁ፦ ምን እቀየማለሁ፣ እውነት ነው። እኔ ደመወዝ አለኝ። ቢበላሽብኝ ደፍቼው እተኛለሁ።

አክስት፦ እኔ ሲበላሽብኝ የደፋሁት የቤት ኪራይ ነው። አተላው እንኳ አይጣልም፤ ለከብት አርቢ ይሸጣል። ከድፍድፉ ላይ ጠላው ካለቀ በኋላ ውሃ ጨምሬ ቅራሪ አወጣለሁ፤ እሱም ለልጆቹ ነው። ከዚያ ውስጥ ምን ተርፎ ይሞከርበታል? ጠጪ የለመደውን ነው የሚፈልገው፤ ትንሽ ከተለየበት ማዶ ያለችው ጋ ይሄዳል።

ልጁ፦ አየሽ፣ ሁላችሁም አበደ ትሉኛላችሁ፤ እኔን የያዘኝ ግን ይሄው ነው። ማበላሸት ይፈቀድልኛል። ገብሱን ትቼ ዳጉሳ ባበቅልስ? ማሽላውን ባበዛስ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጦረው ቤተሰብ ቢኖረው አይጠይቅም ነበር።

አክስት፦ የዳጉሳውንስ ጎጃም ጠይቅ፤ ይጠመቅበታል። እኔ ግን... አንድ ነገር ነበረ።

ልጁ፦ ምን?

አክስት፦ እኛ ቤት ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ነው። ጠላን ጌሾ እንጨት ብቻ አድርጌ ብጠምቀው ምን ይሆን ነበር እያልኩ ስንት ዓመት አስቤያለሁ። አንድም ቀን አልሞከርኩትም።

ልጁ፦ ዛሬ ማን ይከለክልሻል?

አክስት፦ ቆይ፣ ወደኔ አታዙረው። ገና አልጨረስኩም። የምትጠምቀው ለምን ቀን ነው?

ልጁ፦ እንዴት ለምን ቀን?

አክስት፦ ጠላ ቀን አለው። ለሚካኤል ማኅበር ከሆነ ብቅሉ ቀድሞ ይዘጋጃል፣ ጥንስሱ ይቀጥላል፣ ድፍድፉ ይከተላል። ቀኑ ሲደርስ ይጠጣል፤ ጋኑ ታጥቦ ይደፋል፤ እኔም ወደ ሌላ ሥራዬ እመለሳለሁ። አንተ ዘንድ ቀን የለም። አንዱ ሳይጠጣ ሌላው ይጠነሰሳል። ያስለመደህ መጠጡ አይደለም፤ ስትጠጣም አላይህም። ማብቂያ ስላጣህ ነው።

ልጁ፦ ጓደኞቼ ይቀምሱታል እኮ።

አክስት፦ ምን ይሉሃል?

ልጁ፦ አሪፍ ነው ይላሉ።

አክስት፦ በነጻ የጠጣ ሰው ምን ይበል? የማኅበር ሴቶች ግን አያዝኑልህም። አንዷ ብርጭቆዋን ከአፏ መልሳ «ጌሾው ዘንድሮ በርትቷል» ካለች እስከሚቀጥለው ተራህ ትሰማዋለህ። እኔን ያስተማረችኝ እናቴ ብቻ አይደለችም፤ እነሱም ናቸው።

ልጁ፦ አሜሪካኖቹ ይሄን አውቀውታል። ለራስ መጠጫ ቢራ ቤት ውስጥ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደላቸው በ1978 ነው፤ ፕሬዚዳንት ካርተር ናቸው የፈረሙት። ሁለት አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን፣ ወደ 750 ሊትር ማለት ነው። ጠማቂዎቹ ውድድር አላቸው፤ ዳኛው የማን እንደሆነ ሳይነገረው ይቀምስና ነጥብ ይሰጣል። ከቤት ጠማቂነት ተነሥተው ፋብሪካ የከፈቱም አሉ። ኬን ግሮስማን የሚባለው ካሊፎርኒያ ውስጥ ለቤት ጠማቂዎች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነበረው፤ በኋላ ሴራ ኔቫዳ የተባለውን ትልቅ የቢራ ፋብሪካ አቋቋመ።

አክስት፦ ልትሸጥ ነዋ?

ልጁ፦ አልሸጥም። ከሸጥኩ እኔም ጠጪ የለመደውን ብቻ ልጠምቅ ነው።

አክስት፦ እሱን ካወቅክ ደህና ነህ። በል ስማኝ። ለሚቀጥለው ወር የማኅበሩ ተራ የኔ ነው። ትልቁን ጋን እኔ እንደ ወትሮዬ እጠምቃለሁ። ከጎኑ አንድ ማሰሮ እንጠነስሳለን፤ ያው ብቅል፣ ያው እንኩሮ፣ ያው ውሃ። ጌሾው ብቻ እንጨት ይሁን።

ልጁ፦ አንድ ነገር ብቻ ነው የምንቀይረው ማለት ነው?

አክስት፦ አዎ፣ እንደዚያ ስሙን እንደደበቀው ሰውዬ። ለሴቶቹም የቱ የቱ እንደሆነ አንነግርም፤ ቀድተን እንሰጣቸዋለን። ማማሰያውን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።

ልጁ፦ ካልጣማቸውስ?

አክስት፦ ማሰሮው ትንሽ ነው፤ ለዚያ ብዬ ነው ማሰሮ ያልኩህ።

ልጁ፦ ከወደዱትስ?

አክስት፦ ከወደዱትማ ስንት ግራም እንጨት እንደገባ ትነግረኛለህ። ግራሙ ስንት ጭብጥ እንደሚሆን ግን አብረህ ጻፍልኝ፤ ሚዛን ልትገዛልኝ እንዳታስብ።